ለሬዲዮ ተቀባይ ኃይል ቆጣቢ አናሎግ-ወደ-ዲጂታል መቀየሪያ አነዳደፍ፦ ከስሌት እስከ ፍተሻ

በባትሪ በሚሠራ የሬዲዮ ተቀባይ ውስጥ ያለ አናሎግ-ወደ-ዲጂታል መቀየሪያ (ከዚህ በኋላ «መቀየሪያ» ብቻ እንለዋለን) የሚፈጀው ኃይል በአብዛኛው የሚወሰነው የመጀመሪያው ትራንዚስተር ከመሳሉ በፊት ነው። ስንት ቢት ያስፈልጋል፣ በምን ፍጥነት ናሙና ይወሰዳል፣ ከፊቱ ምን ዓይነት ማጣሪያ ይቆማል የሚሉት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ በትክክል ካልተመለሱ፣ በኋላ በሰርኪዩት ጥበብ የሚገኘው ቁጠባ የጠፋውን አይመልስም። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ግባችን ትንሽ ኃይል የሚፈጅ መቀየሪያ ሳይሆን ትንሽ ኃይል የሚፈጅ ተቀባይ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንዳንድ ጊዜ መቀየሪያው ጥቂት ማይክሮዋት ሲጨመርለት በዙሪያው ካሉት ማጉያዎችና ማጣሪያዎች ብዙ እጥፍ ይቀነሳል።

መመሪያው ባዶ እንዳይሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። ምሳሌያችን በ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ የሚሠራ፣ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚቀበል የብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ ተቀባይ ነው። ተቀባዩ ሲግናሉን በቀጥታ ወደ ዜሮ ፍሪኩዌንሲ ያወርደዋል፤ ስለዚህ አይ እና ኪው የተባሉ ሁለት መንገዶችና ሁለት መቀየሪያዎች አሉት፤ እያንዳንዱም የሚያየው የባንድ ስፋት 0.5 ሜጋኸርዝ ነው። አንባቢው ዴሲቤልንና የካፓሲተርን ጠባይ ያውቃል ብለን እንነሣለን።

ደረጃ 1፦ የሲግናሉንና የረባሾቹን መጠን ማወቅ

በመደበኛ ሙቀት የአንድ ኸርዝ የሙቀት ኖይዝ −174 ዲቢኤም ነው። ለ1 ሜጋኸርዝ 60 ዴሲቤል ስንጨምርበት −114፣ ተቀባዩ በራሱ የሚጨምረውን 6 ዴሲቤል ስንደምርበት ደግሞ −108 ዲቢኤም ይሆናል። ዲሞዱሌተሩ (ከሲግናሉ ቢቶቹን የሚያወጣው ክፍል) 12 ዴሲቤል የሲግናልና የኖይዝ ልዩነት ከጠየቀ፣ ተቀባዩ የሚያነበው ደካማው ሲግናል −96 ዲቢኤም ነው ማለት ነው።

መቀየሪያውን የሚያስጨንቀው ግን ደካማው ሲግናል ብቻውን ሳይሆን ከጎኑ የሚመጣው ጎረቤት ነው። የብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ ደንብ የሚፈለገው ሲግናል −67 ዲቢኤም ሆኖ ሳለ፣ በ2 ሜጋኸርዝ ርቀት በ17 ዴሲቤል፣ በ3 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ርቀት ደግሞ በ27 ዴሲቤል የሚበልጥ ረባሽ ቢመጣ ተቀባዩ እንዲቋቋም ይጠይቃል። በአንድ ቻናል ላይ የሚያርፍ ረባሽ ሲሆን ግን ከሚፈለገው ሲግናል በ21 ዴሲቤል ያነሰ መሆን አለበት። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች መያዝ ይበጃል፤ ማጣሪያውን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።

ደረጃ 2፦ የናሙና ፍጥነትንና ማጣሪያን አብሮ መምረጥ

ብዙ ጀማሪዎች መጀመሪያ ማጣሪያውን ነድፈው ከዚያ የናሙና ፍጥነት ይመርጣሉ። ሁለቱ ግን የአንድ ውሳኔ ሁለት ገጾች ናቸው፤ ምክንያቱም በናሙና ፍጥነቱ ዙሪያ ያለ ማንኛውም ረባሽ ናሙና በሚወሰድበት ቅጽበት ታጥፎ በሲግናላችን ላይ ያርፋል፤ አንዴ ካረፈ በኋላ የሚለየው ዲጂታል ማጣሪያ የለም።

የናሙና ፍጥነቱን 16 ሜጋኸርዝ እናድርገው። በ16 ሜጋኸርዝ ርቀት ላይ ያለው ረባሽ በ27 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ታጥፎ ሲያርፍ በ21 ዴሲቤል ማነስ አለበት፤ ስለዚህ ከመቀየሪያው በፊት 48 ዴሲቤል መቀነስ አለበት። በ0.6 ሜጋኸርዝ የሚቆርጥ ባለ አንድ ፖል (አንድ የመቁረጫ እርከን ያለው) ማጣሪያ በ16 ሜጋኸርዝ ላይ 28.5 ዴሲቤል ያህል ብቻ ይቀንሳል፤ አይበቃም። ሁለተኛውን ፖል በኦፕሬሽናል ማጉያ መሥራት ይቻላል፤ ግን ለምን? አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ከመቀየሪያው መግቢያ ላይ አስቀምጠን በ1.5 ሜጋኸርዝ እንዲቆርጡ ብናደርግ ተጨማሪ 20.6 ዴሲቤል እናገኛለን። ድምሩ 49 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል፤ ሁለተኛው ፖልም አንድም ማይክሮዋት አይፈጅም። በሲግናሉ ጠርዝ ላይ ሁለቱ ፖሎች የሚያደርሱትን መዋዠቅ በዲጂታሉ ክፍል ማረም ቀላል ነው።

በዚህ ማጣሪያ በ3 ሜጋኸርዝ ያለው ረባሽ በ21 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወደ መቀየሪያው ሲደርስ ከሲግናሉ የሚበልጠው በ6 ዴሲቤል ብቻ ነው። በ2 ሜጋኸርዝ ያለው ደግሞ በ15 ዴሲቤል ገደማ ስለሚቀንስ ትርፉ 2 ዴሲቤል ነው፤ አያሰጋም።

ደረጃ 3፦ የዴሲቤል በጀት

አሁን ቢቱን መቁጠር ይቻላል። ከታች ወደ ላይ እንደምር። ዲሞዱሌተሩ 12 ዴሲቤል ይፈልጋል። የመቀየሪያው ኖይዝ ከቀሪው ኖይዝ 13 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል እናደርጋለን፤ እንዲህ ሲሆን ጠቅላላውን ኖይዝ የሚያሳድገው በ0.2 ዴሲቤል ብቻ ነው። (10 ዴሲቤል ብናደርገው ጉዳቱ 0.4 ዴሲቤል ነው። ይህችን ትንሽ ልዩነት ለመሸጥ ፈቃደኛ የሆነ ነዳፊ ግማሽ ቢት ያተርፋል።) ከማጣሪያው የተረፈው ረባሽ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ለዲሲ ኦፍሴት (በሲግናሉ ላይ ለሚደመር ቋሚ ቮልቴጅ)፣ ለሙቀት መለዋወጥና ለሲግናሉ ጫፍ ደግሞ 6 ዴሲቤል እንተው።

የቀረው የጌይን (የማጉያው የማጉላት መጠን) መቆጣጠሪያው እርከን ነው። ማጉያው በ6 ዴሲቤል እርከን ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ድምሩ 43 ዴሲቤል ይመጣል። ናሙናው ከሚያስፈልገው (ከ0.5 ሜጋኸርዝ ባንድ እጥፍ፣ ማለትም ከ1 ሜጋኸርዝ) 16 እጥፍ በፍጥነት ስለሚወሰድ የመቀየሪያው ኖይዝ በሰፊ ባንድ ይበተናል፤ ዲጂታሉ ማጣሪያም አብዛኛውን ይጥለዋል፤ ይህም 12 ዴሲቤል ይሰጠናል። ስለዚህ መቀየሪያው በራሱ 31 ዴሲቤል ካለው ይበቃል። የታወቀው ቀመር፣ ማለትም የቢት ብዛት በ6.02 ተባዝቶ 1.76 ሲደመርበት የሚገኘው ዴሲቤል፣ ይህ 5 ቢት ገደማ እንደሆነ ይነግረናል።

ቁጠባ ብቻ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን አላቆምም፤ ምክንያቱም የዚህ ሬዲዮ መቅድም (በእያንዳንዱ ፓኬት መጀመሪያ የሚመጣው መዘጋጃ ሲግናል) 8 ማይክሮሴኮንድ ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ በ6 ዴሲቤል እርከን እየተመላለሰ ትክክለኛውን ጌይን የሚፈልግ መቆጣጠሪያ፣ በእያንዳንዱ ለውጥ ደግሞ ዲሲ ኦፍሴቱ እስኪረጋ የሚጠብቅ ተቀባይ፣ ፈጣን ማለትም ብዙ ከረንት የሚጠጡ ማጉያዎች ያስፈልጉታል። እርከኑን 18 ዴሲቤል ብናደርገው ጥቂት የጌይን ደረጃዎች ይበቃሉ፤ ውሳኔውም በአንድ ወይም በሁለት ሙከራ ያልቃል። በጀቱ 55 ዴሲቤል ይሆናል፤ ከ16 እጥፉ የሚገኘው ሲቀነስ 43፤ ይህም ወደ 7 ቢት የሚጠጋ ውጤታማ ጥራት ነው። በተግባር ባለ 8 ቢት መቀየሪያ እንሠራለን።

ዋጋው ምን ያህል ነው? የመቀየሪያዎች መለኪያ የሆነው፣ በ1999 ሮበርት ዋልደን ባሳተሙት ጥናት ስም የሚጠራው ስሌት፣ ኃይልን ለናሙና ፍጥነትና ለውጤታማ እርከኖች ብዛት ያካፍላል። ለአንድ እርከን 10 ፌምቶጁል ብንወስድ፣ 5 ቢት በ16 ሜጋኸርዝ 5 ማይክሮዋት፣ 7.5 ቢት ደግሞ 29 ማይክሮዋት ይሆናል። ለሁለት መንገድ ልዩነቱ ከ50 ማይክሮዋት ያንሳል። ጠቅላላ ተቀባዩ በሚሊዋት በሚቆጠርበት ቦታ ይህ ርካሽ ግዢ ነው። ከ10 ቢት ካለፈ በኋላ ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ ምክንያቱ በደረጃ 5 ይታያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ናሙናን ማፍጠን ኖይዝን ይቀንሳል እንጂ የመቀየሪያውን መጣመም አያቃናም። በረባሾች መደባለቅ የሚፈጠር አዲስ ሲግናል በባንዳችሁ ውስጥ ካረፈ 16 እጥፉ አያድናችሁም፤ ስለዚህ ሊኒያሪቲውን ከ43 ሳይሆን ከ55 ዴሲቤል አንጻር መርምሩት።

ደረጃ 4፦ የመቀየሪያውን ዓይነት መምረጥ

በዚህ ጥራትና ፍጥነት ውስጥ ሁለት ቤተሰቦች ይወዳደራሉ። የመጀመሪያው ደረጃ በደረጃ የሚጠጋው፣ በፊደል ምሕጻሩ ኤስኤአር የሚባለው ነው («ሳር» ብለን እንዳንጽፈው በሬ የሚበላው ይመስላል)። ሁለተኛው በፍጥነት ናሙና እየወሰደ ስሕተቱን በግብረ-መልስ ሉፕ የሚያርመው ዴልታ-ሲግማ ነው።

ኤስኤአር ኦፕሬሽናል ማጉያ የለውም፤ ያለው ካፓሲተሮች፣ አንድ ኮምፓራተር (ሁለት ቮልቴጆችን የሚያወዳድር ሰርኪዩት) እና ሎጂክ ነው። ሁሉም ሲሠሩ ብቻ ኃይል ይፈጃሉ፤ ሲቆሙ ከሊኬጅ በስተቀር ምንም የለም። ስለዚህ ፓኬት ሲመጣ ነቅቶ ፓኬት ሲያልቅ ለሚተኛ ሬዲዮ ይመቻል፤ ክሎኩ በመጣ በመጀመሪያው ዑደት ትክክለኛ ቁጥር ይሰጣል።

ቀጣይ-ጊዜ የሆነው ዴልታ-ሲግማ በበኩሉ ረባሽ ከመታጠፉ በፊት በራሱ ሉፕ ያጣራዋል፤ መግቢያውም ሬዚስተር ስለሆነ ለሚነዳው ማጉያ የዋህ ነው። ባለ ሁለተኛ ደረጃ ሉፕ የናሙና ፍጥነቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 15 ዴሲቤል ይሰጣል። ከ12 ቢት በላይ ሲፈለግ ወይም ማጣሪያና ጌይን መቆጣጠሪያን ጨርሶ ማስወገድ ሲታሰብ እርሱን እመርጣለሁ። ሁለት ጠባዮቹን ግን መፍራት ይገባል፦ የግብረ-መልሱ ዳክ (ዲጂታል-ወደ-አናሎግ መቀየሪያ) ለክሎክ ጂተር (ለምቶቹ የጊዜ መዛነፍ) ስስ ነው፤ ከሲግናሉ ባንድ ውጭ ደግሞ የሉፑ ጌይን ሊያብጥ ስለሚችል ረባሹን ማጣራት ሲገባው ያጎላዋል። ለምሳሌያችን ኤስኤአር ይበቃል።

ደረጃ 5፦ የካፓሲተሩ መጠን

ናሙና የያዘ ካፓሲተር ኖይዙ ከመጠኑ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ 1 ፒኮፋራድ በመደበኛ ሙቀት 64 ማይክሮቮልት አርኤምኤስ ይዞ ይመጣል። የኃይል አቅርቦታችን 0.8 ቮልት፣ የዲፈረንሻል ሲግናሉ ጫፍ 0.6 ቮልት ይሁን። የካፓሲተሩ ኖይዝ ከሲግናሉ 60 ዴሲቤል እንዲርቅ ብንፈልግ በእያንዳንዱ ወገን 46 ፌምቶፋራድ ይበቃል። በ80 ዴሲቤል ግን 4.6 ፒኮፋራድ፣ ማለትም 100 እጥፍ ያስፈልጋል። ከላይ «ስሌቱ ይገለበጣል» ያልነው ለዚህ ነው፦ በዝቅተኛ ጥራት ካፓሲተሩን የሚወስነው ኖይዝ ሳይሆን በፋብሪካ ሊሠራ የሚችለው ትንሹ አሃድና የአሃዶቹ መመሳሰል ነው፤ በከፍተኛ ጥራት ግን ኖይዙ ገዢ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቢት 4 እጥፍ ኃይል ያስከፍላል።

በእያንዳንዱ ወገን 128 አሃዶች፣ አንዱ 0.5 ፌምቶፋራድ፣ በድምሩ 64 ፌምቶፋራድ እንውሰድ። ለ8 ቢት 256 ሳይሆን 128 የበቃው የማቀያየሪያ ዘዴውን በጥበብ ስለመረጥን ነው። በ1975 ጄምስ ማክሪሪና ፖል ግሬይ ያቀረቡት የመጀመሪያው ዘዴ ካፓሲተሩን ሞክሮ ሲሳሳት ይመልሰዋል፤ መመለሱ ጉልበት ያባክናል። በ2010 የቀረበው ሞኖቶኒክ የተባለው ዘዴ ግን አንዱን ወገን ወደ ታች ብቻ እያወረደ ይሄዳል፤ የማቀያየሪያ ጉልበቱን በ81 በመቶ፣ የካፓሲተሩን ድምር በግማሽ ይቀንሳል። ጉድለቱ የሁለቱ ወገኖች አማካይ ቮልቴጅ በእያንዳንዱ እርምጃ እየወረደ መሄዱ ነው፤ የኮምፓራተሩ ኦፍሴትም አብሮት ይለዋወጣል፤ ይህም መጣመም ይሆናል። ለ8 ቢት ይቻላል፤ ለ10 ቢት ግን አማካዩን ባለበት የሚያቆመውን፣ በመካከለኛ ቮልቴጅ ላይ የተመሠረተውን ዘዴ መምረጥ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ኮምፓራተር፣ ሎጂክና ክሎክ

የመቀየሪያችን ትንሹ እርከን 4.7 ሚሊቮልት ነው፤ ቮልቴጁን ወደ ቅርቡ እርከን ከማጠጋጋት የሚመጣው ኖይዝ ደግሞ 1.35 ሚሊቮልት። ኮምፓራተሩ 0.6 ሚሊቮልት ኖይዝ ቢኖረው፣ ከካፓሲተሩ 0.36 ሚሊቮልት ጋር ተደምሮ ጠቅላላው 1.5 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል፤ ይህም ወደ 49 ዴሲቤል ይሰጣል። ከሚያስፈልገን 43 በላይ 6 ዴሲቤል ተረፈ፤ የካፓሲተሮች አለመመሳሰልና የፋብሪካ ልዩነት የሚበሉት ከዚህ ነው። የኮምፓራተሩን ኖይዝ በግማሽ መቀነስ 4 እጥፍ ጉልበት ስለሚጠይቅ ከዚህ በላይ ማጥራት ገንዘብ ወደ ወንዝ መወርወር ነው። ዓይነቱ ስትሮንግ-አርም የሚባለው፣ በክሎክ ብቻ የሚቀሰቀሰው ላች ይሁን፤ ቋሚ ከረንት የለውም።

ሎጂኩን በውስጥ ክሎክ ለማስሄድ ለእያንዳንዱ ናሙና 10 ያህል ምት ያስፈልጋል፤ ይህ 160 ሜጋኸርዝ ማመንጨትና ማሠራጨት ነው። ይልቅ ኮምፓራተሩ መልስ እንደሰጠ ራሱ ቀጣዩን እርምጃ የሚቀሰቅስበት አሲንክሮነስ አሠራር ይመረጣል። ከውጭ የሚያስፈልገው 16 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ኮምፓራተሩ በጣም ተቀራራቢ ቮልቴጅ ገጥሞት ቢያመነታ ዑደቱ እንዳይቀር የጊዜ ገደብ አድርጉለት፤ ገደቡ ሲያልፍ የፈለገውን ቢት ይውሰድ። ያመነታበት ልዩነት ከትንሹ እርከን እጅግ ያነሰ ስለሆነ ስሕተቱ አይታይም።

ስለ ጂተር ብዙ ይፈራል፤ በዚህ ቦታ ግን ፍርሃቱ አይገባም። በ3 ሜጋኸርዝ ላለ ረባሽ 100 ፒኮሴኮንድ ጂተር እንኳ 54 ዴሲቤል ይፈቅዳል፤ በ0.5 ሜጋኸርዝ ደግሞ 70። ሲግናሉን ሳያወርዱ በቀጥታ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ናሙና ለመውሰድ ለሚያስቡ ግን 1 ፒኮሴኮንድ ብቻ ጂተር ጥራቱን ወደ 36 ዴሲቤል ያወርደዋል።

ደረጃ 7፦ ነጂውና ሪፈረንሱ

በሠንጠረዥ ላይ «20 ማይክሮዋት» ተብሎ የሚታየው መቀየሪያ ብዙ ጊዜ ነጂውን (መግቢያውን የሚሞላውን ማጉያ) እና ሪፈረንሱን (የማነጻጸሪያ ቮልቴጁን) ሳይቆጥር ነው። ሪፈረንስ ቮልቴጁን የሚያቀርበው በፈር ከመቀየሪያው በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ሲነቃም ለመርጋት ይዘገያል። የሬዲዮ መቀየሪያ የፍጹም ቮልቴጅ ትክክለኛነት አያስፈልገውም፤ ጌይኑ በጥቂት በመቶ ቢሳሳት ዲሞዱሌተሩ አያውቀውም። ስለዚህ የተረጋጋውን የኃይል አቅርቦት በትልቅ ካፓሲተር አለስልሶ ራሱን ሪፈረንስ ማድረግ ይቻላል።

ነጂውም እንዲሁ ይቀላል። ለናሙና መያዣ ከዑደቱ ሩብ፣ 15.6 ናኖሴኮንድ ብንሰጥና እስከ ግማሽ እርከን እንዲረጋ ብንፈልግ፣ የጊዜ ቋሚው 2.5 ናኖሴኮንድ ይመጣል። ከጥገኛ ካፓሲታንስ ጋር 100 ፌምቶፋራድ ለሚሆን ጭነት ይህ 25 ኪሎኦም ይፈቅዳል፤ 4.6 ፒኮፋራድ ቢሆን ኖሮ 540 ኦም ገደማ ብቻ። በደረጃ 2 ያስቀመጥነው ፖል 10 ኪሎኦምና 10.6 ፒኮፋራድ ከሆነ፣ ትልቁ ካፓሲተር ከናሙናው 166 እጥፍ ስለሆነ ናሙናው በቅጽበት ከእርሱ ይሞላል። በ16 ሜጋኸርዝ የሚቀያየር 64 ፌምቶፋራድ በተራው ወደ 1 ሜጋኦም የሚጠጋ ሬዚስተር ይመስላል፤ ከ10 ኪሎኦሙ ጋር ሲታይ የጌይን ጉዳቱ 1 በመቶ ነው።

ደረጃ 8፦ ዲጂታሉ ጎን

ናሙናውን ከ16 ወደ 4 ሜጋኸርዝ ለማውረድ በ1981 ዩጂን ሆገናወር ያስተዋወቁት፣ ማባዣ የማያስፈልገው ማጣሪያ ይበቃል፤ መደመሪያና መቀነሻ ብቻ ነው። ሹል ማጣሪያው ከዚያ በኋላ በዝቅተኛው ፍጥነት ይሥራ።

ደረጃ 9፦ በሲሙሌሽን መፈተሽ

የሳይን ሞገድ ስትሰጡ በ4096 ናሙና ውስጥ በትክክል 127 ዑደት እንዲገባ አድርጉ፤ ፍሪኩዌንሲው 0.496 ሜጋኸርዝ ገደማ ይሆናል። 127 ከ4096 ጋር የጋራ አካፋይ ስለሌለው ናሙናዎቹ አይደጋገሙም፤ ስፔክትረሙም አይደበዝዝም። የኖይዝ ሲሙሌሽን ሳይበራ የተገኘ ውጤት በማጠጋጋት ኖይዝ ብቻ የተሠራ ስለሆነ አትመኑት። ከዚያ ሁለት ረባሾችን በ3 እና በ6 ሜጋኸርዝ አስገቡ፤ የሦስተኛ ደረጃ መደባለቃቸው ዜሮ ፍሪኩዌንሲ ላይ፣ በሲግናሉ መሀል ይወድቃል። በአንድ ሳይን ሞገድ ንጹሕ የሚመስለው መቀየሪያ የሚጋለጠው እዚህ ነው። በመጨረሻም ከሌይአውት የወጣውን ጥገኛ ካፓሲታንስ አካትቶ መድገም ግድ ነው፤ 0.5 ፌምቶፋራድ አሃድ ከጎኑ በምታልፍ አንዲት ሽቦ ይዛባል።

ደረጃ 10፦ ከሬዲዮው ጋር አብሮ መለካት

ቺፑ ሲመጣ መቀየሪያውን ለብቻው ለክቶ መደሰት አይበቃም። 16 ሜጋኸርዝ ክሎክ 155ኛ ሃርሞኒኩ 2480 ሜጋኸርዝ ነው፤ ይህ ደግሞ ከብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ ሦስት የማስታወቂያ ቻናሎች የአንዱ ማዕከል ነው። 2416፣ 2432፣ 2448 እና 2464 ሜጋኸርዝም እንዲሁ የ16 ብዜቶች ሆነው በቻናሎች ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ የተቀባዩን ሴንሲቲቪቲ (ደካማ ሲግናል የማንበብ ችሎታ) በሁሉም ቻናል፣ መጀመሪያ ዲጂታሉ ክፍል በዝቅተኛ እንቅስቃሴ፣ ቀጥሎ በሙሉ ሥራ ላይ ሆኖ ለኩ። በ2480 ላይ ሴንሲቲቪቲው ከ2478 ይልቅ ከወደቀ ጥፋተኛው የመቀየሪያው ቢት ሳይሆን ሎጂኩ በኃይል መስመሩ በኩል ወደ አንቴናው ማጉያ የሚልከው ምት ነው። መድኃኒቱም ለሎጂኩ የራሱ የኃይል መስመርና በአቅራቢያው የተቀመጠ ካፓሲተር መስጠት፣ የክሎኩን ጠርዝ ማለዘብ፣ ያም ካልበቃ የናሙና ፍጥነቱን ማዛወር ነው፤ ፍጥነቱ ከተዛወረ ግን የመታጠፊያው ቦታ አብሮ ስለሚሄድ የደረጃ 2 ስሌት እንደገና ይሠራል።